ለፓስታ ሶስ፦ አበባ ጎመን ወይስ ዱባ?

ክሬም ሳይገባበት ክሬም የሚመስል የፓስታ ሶስ ካማራችሁ ሁለት ምርጫ አለ፤ አበባ ጎመን ወይም ዱባ። ሁለቱም ለጾም ይሆናሉ። ሆድ ላይም አይከብዱም፤ ወፍራም የወተት ክሬም በ100 ግራም ከ300 ካሎሪ በላይ ሲይዝ እነሱ 25 ገደማ ናቸው።

በመልክ አበባ ጎመኑ ያሸንፋል። ነጭ ነው፣ የራሱ ጣዕም ብዙም አይጎላም፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ቁንዶ በርበሬውን በደንብ ይቀበላል። ችግሩ መፍጫ ይፈልጋል። ግንዱ በጣት ሲጫኑት ፍርስ እስኪል ካልበሰለ ሶሱ አሸዋ አሸዋ ይላል፤ እኛ ሱሉልታ ደግሞ ከባህር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆንን ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ስለዚህ ዩቲዩብ ላይ «10 ደቂቃ» ያሏችሁን እርሱትና 20 ስጡት። መብራት ከጠፋስ? በቃ፣ ቀረ።

ዱባ የሚመቸው እዚህ ላይ ነው። ከሰል ላይ ቀቅሎ በሹካ መጨፍለቅ ይበቃዋል። ግን ይጣፍጣል፣ ያውም እንደ ስኳር! ሎሚ ጠብ ካላደረጋችሁበትና ሚጥሚጣ ካልነሰነሳችሁበት ከልጆች በቀር የሚወደው የለም። ጦስኝ ካለ ጣል አድርጉበት።

በሁለቱም ፓስታው የተቀቀለበትን ውሃ እንዳትደፉት። ሶሱን ከፓስታው ጋር የሚያያይዘው እዚያ ውስጥ ያለው ስታርች ነው፤ ትኩሱን በጭልፋ እየጨመራችሁ አማስሉ።

እኔ በሥራ ቀን ዱባ ነኝ። እንግዳ ሲመጣና መብራት ሲኖር አበባ ጎመን።