ደብረ ብርሃን ላይ አሞርዛተር (በየጎማው ያለውን፣ የመኪናን ዝላይ የሚያረጋውን እቃ) ለማስቀየር ላሰባችሁ

ጥር ላይ ለአክስቴ ልጅ ሰርግ መንዝ፣ ሞላሌ መሄድ ነበረብን። እናታችንን ከሸዋ ሮቢት ይዘን ስንመለስ የወንድሜ ቪትዝ ከደብረ ሲና ጀምራ አስቸገረች። ጉድጓድ ባገኘች ቁጥር ከፊት ቀኝ ጎማ በኩል «ቋ!» ትላለች። ኋላዋ ደግሞ አንዴ ከዘለለ አይረጋም፣ ይንሳፈፋል። ከኋላ የተቀመጠችው እናቴ ጣርማበር እስክንደርስ እጀታውን አልለቀቀችም።

ደብረ ብርሃን አስፋልቱ ዳር ያለ ትልቅ ጋራዥ ገባን። ስሙን አልጠራም። ባለቤቱ መኪናዋን በክሪክ ሳያነሳ፣ ጎማ ሳይፈታ፣ ፊቷን በእጁ ሁለቴ ጫን ጫን አድርጎ ለወንድሜ «አራቱም አሞርዛተር አልቋል» አለው። የሚያወራው ለወንድሜ ነው፣ ከፋይዋ እኔ። ከጀርመን እንደመጣሁ ሲሰማ ግን ፊቱን ወደኔ አዞረ፤ «እህቴ፣ ላንቺማ ኦሪጅናል የጃፓን ነው የማስመጣልሽ» አለኝ። ከእጅ ዋጋ ጋር 46 ሺህ ብር፣ ግማሹ ቅድሚያ። ደረሰኝ ስለው «ሥራው ሲያልቅ» አለ።

በእጅ መጫኑ ራሱ ጥፋት የለውም። ሲለቀቅ አንዴ ተነስቶ ካልረጋ አሞርዛተሩ ሞቷል ማለት ነው። ግን እንዲህ የሚታወቀው ጨርሶ የሞተው ብቻ ነው። ደግሞ የተጫነው ፊቷ፣ የሚንሳፈፈው ኋላዋ!

እቃው ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ነገ ይገባል ተባለ። በነጋታው «ሸኖ ደርሷል» አሉን። ከሰዓት ስንደውል «ጫጫ ነው፣ መጣ በሉት»። ማታ ስልክ አይነሳም። በማግስቱ ሌላ ልጅ አንስቶ «አለልቱን አልፏል» አለን። እቃው ወደ አዲስ አበባ እየተመለሰ ነው እንዴ? ወንድሜ ሳቀ፣ እኔ ግን አላሳቀኝም። «ጊዜ እንቆጥብ» ብለው ጎማዎቹን ፈትተው መኪናዋን ድንጋይ ላይ አስቀምጠዋታል፤ ይዘናት እንዳንሄድ ነው። በዚያ ውርጭ በየጠዋቱ በራቸው ላይ እየቆምኩ «ቡና ጠጪ፣ ይደርሳል» እየተባልኩ ሰርጉ አለፈ። ለመልሱ ብቻ በአባዱላ ተጨናንቄ ደረስኩ። ሙሽራዋ አሁንም ታኩርፈኛለች። ጀርመን ቢሆን ቀጠሮው በጽሑፍ ይሰጥሃል፣ ከዘገየም እነሱ ራሳቸው ደውለው ይነግሩሃል። ቢያንስ እውነቱን ቢነግሩኝ ሰርጌን እበላ ነበር።

በመጨረሻ እቃው መጣ። ካርቶኑ አዲስ ነው፣ ውስጡ ያለው ግን ጥቁር ቀለም ከላይ እስከ ታች የተለቀለቀ። በጥፍሬ ጫር ሳደርገው ቀለሙ ተነሳ፣ ከሥሩ ዝገት። ዘንጉን ወደ ውስጥ ገፋሁት፤ እዚያው ቀረ። «ጋዝ ነው» (ውስጡ ጋዝ የታመቀበት) ብለው የሸጡልኝ አሞርዛተር አዲስ ቢሆን ኖሮ ሲለቁት ቀስ ብሎ በራሱ ይወጣ ነበር። ይህን ስናገር ባለቤቱ «አሠራሩ ነው፣ ሲገጠም ይስተካከላል» አለ። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ጎማዎቹን አስገጥመን፣ ከገንዘቡም ከፊሉን ተቀብለን ወጣን።

አንድ ሰው ጠባሴ ሰፈር በኩል ወዳለ ሌላ መካኒክ መራን። ምልክት እንኳ የለውም፣ ቆርቆሮ በር ነው። ሰውየው ጋሼ የሚባሉ፣ ብዙ የማይናገሩ። መጀመሪያ ወንድሜን አስቀምጠው ራሳቸው መኪናዋን ኮረኮንች ላይ ነዷት። ከዚያ በክሪክ አንስተው የኋላውን ግራ አሞርዛተር በጨርቅ ጠረጉና «እስቲ እጅሽን አምጪ» አሉኝ። ዘይት አፍስሶ አቧራ ተለጥፎበታል። ጎማውን በመዳፌ እንድዳብሰው አደረጉ፤ ቦታ ቦታ እየጎደጎደ ተበልቷል። አሞርዛተር ሲደክም ጎማው መንገዱን በደንብ አይይዝም፣ እየዘለለ ያርፋል፣ በዚያው ይበላል። የፊቶቹ ግን ደረቅ ናቸው፣ ደህና ናቸው። ያ «ቋ» የሚለው የስታብላይዘር ሊንክ ነበር፣ መኪና ሲታጠፍ እንዳይጋደል የሚይዘውን ዘንግ የሚያገናኝ አጭር ብረት፤ በእጃቸው ሲወዘውዙት ይላወሳል። ከአሞርዛተሩ ጋር ሲተያይ ዋጋው ኢምንት ነው።

የኋላውን ሁለቱንም ቀየሩ፤ አንዱን ብቻ መቀየር መኪናዋን ወደ አንድ ወገን ያዛባታል አሉ። ቪትዝ ላይ የኋላው ሞላ ለብቻው፣ አሞርዛተሩም ለብቻው ስለሆነ ሥራው ፈጣን ነው። የፊቱ ቢሆን ሞላው ከአሞርዛተሩ ጋር አንድ ላይ ስለሚወጣ፣ ሞላውን የሚጨምቅ መሣሪያ የግድ ነው፤ ያለሱ ቢፈታ ሞላው ተስፈንጥሮ ሰው ይጎዳል። ከተቀየረ በኋላም አላይመንት (የጎማዎቹ አቅጣጫ ማስተካከያ) መሠራት አለበት። የመጀመሪያው ጋራዥ ይህን ሁሉ ትንፍሽ አላለም። ጋሼ የታችኛውን ብሎን መጨረሻ ያጠበቁት መኪናዋን በጎማዋ ካቆሙ በኋላ ነው፤ ለምን ብዬ ስጠይቅ «በአየር ላይ ከጠበቀ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀራል፣ ቶሎ ይቀደዳል» አሉኝ። ጀርመን መኪናዬን በየ2 ዓመቱ ሳስመረምር ወረቀት ይሰጡኛል እንጂ እንዲህ አስነክቶ ያሳየኝ የለም።

የከፈልነው ለጥንዱ አሞርዛተር፣ ለሊንኩና ለእጅ ዋጋ ሲሆን ከዚያኛው ሒሳብ ግማሽ አይሞላም። አሮጌዎቹንም ሳልጠይቅ አውጥተው ሰጡን።

ቀሪው ገንዘቤ አሁንም አስፋልቱ ዳር ነው። ወንድሜ በሄደ ቁጥር «ባለቤቱ አዲስ አበባ ነው» ይሉታል። ባለፈው ሳምንት ሸኖ ደርሷል አሉት።