አፕት፣ ናላ፣ ስናፕ ወይስ ፍላትፓክ? ለሊኑክስ ጀማሪ የሚቀለው የመጫኛ ትዕዛዝ

ኡቡንቱ 24.04 በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ ቪኤልሲን (የቪዲዮ ማጫወቻ) ከተርሚናል፣ ማለትም ትዕዛዝ በጽሑፍ ከሚሰጥበት መስኮት፣ መጫን ብትፈልጉ ቢያንስ አራት መንገድ አለ («ሱዶ» ትዕዛዙን በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስኬድ ቃል ነው)፦ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ቪኤልሲ»፣ «ሱዶ ናላ ኢንስቶል ቪኤልሲ»፣ «ሱዶ ስናፕ ኢንስቶል ቪኤልሲ» እና «ፍላትፓክ ኢንስቶል ቪኤልሲ»። አራቱም በነጻ ናቸው። የምትከፍሉት በዳታ፣ በዲስክ ቦታና ነገሩ ሲበላሽ በምታጠፉት ሰዓት ነው። ስለዚህ እዚህ የምናወዳድራቸው በሁለት ጥያቄ ነው፦ ከመጫኑ በፊት ምን ሊያደርግ እንደሆነ ይነግራችኋል? ከተበላሸስ መመለሻ አለው?

አፕት

አፕት ዴቢያን ከሚባለው የሊኑክስ ዓይነት የመጣ ነው፤ ኡቡንቱና ሊኑክስ ሚንት የወረሱት ከዚያ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች የሚጋሩትን ላይብረሪ (የጋራ የኮድ ክፍል) አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚጭን፣ ዳታ በመቆጠብ የሚደርስበት የለም። «ሱዶ አፕት አፕዴት» የፓኬጆቹን (የሚጫኑትን የፕሮግራም ጥቅሎች) ዝርዝር ብቻ ያድሳል፤ ምንም አይጭንም። የሚጭነው «ኢንስቶል» ነው። ኡቡንቱ 24.04 ላይ ፓስወርድ ሲጠይቃችሁ የምትጽፉት ነገር አይታይም፤ ኮከብ እንኳ አይወጣም። ኪቦርዱ አልተበላሸም፤ ጽፋችሁ ኢንተር ተጫኑ። ኮፒ ያደረጋችሁትን ተርሚናል ላይ የምትለጥፉት ደግሞ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቪን አንድ ላይ በመጫን ነው።

ቀጥሎ የሚመጣውን ጽሑፍ ሳታነቡ «ዋይ» (እሺ) አትበሉ። የሚጫኑት ፓኬጆች ስም፣ የሚወርደው መጠንና ዲስክ ላይ የሚይዘው ቦታ ተዘርዝሮ ይቀርብላችኋል። ዓይናችሁን መጀመሪያ መጣል ያለባችሁ ግን «ይወገዳሉ» በሚለው ክፍል ላይ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. ፖፕ ኦኤስ በሚባል የሊኑክስ ዓይነት ላይ ስቲምን (የጌም መደብር) ሊጭን የሞከረ አንድ ታዋቂ ዩቲዩበር ዴስክቶፑን በሙሉ ያጣው እዚያ የተጻፈውን አልፎ በመሄዱ ነው። ከዚያ ወዲህ አፕት እንዲህ ያለውን አደገኛ ማስወገድ በቀላሉ እንዳይፈቅድ ተደርጓል፤ ቢሆንም ዝርዝሩን ማንበብ የእናንተ ሥራ ነው። አንድ ፕሮግራም ልትጭኑ ገብታችሁ የዴስክቶፕ ፓኬጆች ሊወገዱ ሲሰለፉ ካያችሁ «ኤን» (አይ) ብላችሁ ውጡ።

ጀማሪን የሚያስደነግጡት የስህተት መልእክቶች በአብዛኛው ሦስት ናቸው። «አንኤብል ቱ ሎኬት ፓኬጅ» (ፓኬጁ አልተገኘም) ካለ ወይ ስሙ ተሳስቷል፣ ወይ አፕዴት አልተደረገም፣ ወይ ደግሞ ዩኒቨርስ የሚባለው ማከማቻ (ፓኬጆች የሚወርዱበት ቦታ) ተዘግቷል። «ኩድ ኖት ጌት ሎክ» ካለ ሌላ ፕሮግራም በዚያው ሰዓት እየጫነ ነው፤ ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሩ እንደተከፈተ ራሱን የሚጀምረው የደህንነት አፕዴት ነው። ትንሽ ታገሡ። የሎክ ፋይሉን አጥፉት የሚል ምክር ታገኙ ይሆናል፤ አትስሙት፤ በግማሽ የተጫነ ሲስተም ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ሦስተኛው እየጫነ ሳለ መብራት ሲሄድና ዴስክቶፑ ሲጠፋ የሚመጣው «ዲፒኬጂ ዋዝ ኢንተራፕትድ» ነው። መፍትሔው መጀመሪያ «ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ»፣ ቀጥሎ «ሱዶ አፕት --ፊክስ-ብሮክን ኢንስቶል» ነው። ሁለቱን ትዕዛዞች ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ኮምፒውተሩ አጠገብ ብታስቀምጡ አይቆጫችሁም።

ናላ

ናላ አዲስ ማከማቻ አይደለም፤ የአፕትን ፓኬጆች በሚነበብ መልክ የሚያቀርብ ነው። ስለዚህ የሚወስደው ዳታ ያው ነው። «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ናላ» ብላችሁ ትጭኑታላችሁ። የሚጫነውን፣ የሚሻሻለውንና የሚወገደውን ለየብቻ በሠንጠረዥ ያሳያል፤ ፋይሎችንም አከታትሎ ሳይሆን ጎን ለጎን ያወርዳል። ለጀማሪ ትልቁ ጥቅሙ ግን «ናላ ሂስትሪ» ነው፦ የተጫነው ሁሉ ቁጥር ተሰጥቶት ይቀመጣል፤ ቁጥሩን ይዛችሁ መሻር ትችላላችሁ። ትናንት ሲሞከር የገባ 40 ፓኬጅ አንድ በአንድ አይለቀምም። ማሳሰቢያው አንድ ነው፤ የሚመዘግበው በራሱ በኩል የተጫነውን ነው፤ ዛሬ በናላ ነገ በአፕት ከሆነ መዝገቡ ጎዶሎ ይሆናል። ዴቢያን 13 የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ አፕት 3.0 ራሱ ቀለምና ዓምድ ይዞ ስለመጣ የናላ ብልጫ ጠብቧል።

ስናፕ

ስናፕ ፕሮግራሙን ከሚያስፈልገው ጋር በጥቅል የሚያመጣ ሌላ መጫኛ ነው። «ሱዶ ስናፕ ኢንስቶል ቪኤልሲ» ስትሉ መጠኑን ነግሮ ፈቃድ አይጠይቅም፤ ወዲያው ማውረድ ይጀምራል። መጠኑን አስቀድሞ ማወቅ ከፈለጋችሁ «ስናፕ ኢንፎ ቪኤልሲ» በሉ። እሱም ቢሆን የፕሮግራሙን ብቻ ነው የሚነግራችሁ፤ የሚቆምበት መሠረት ከሌለ ተጨማሪ ይወርዳል፤ ለምሳሌ ለግራፊክ ፕሮግራሞች የሚያስፈልገው አንዱ የግኖም ስናፕ ብቻውን 500 ሜጋ አካባቢ ነው። ኡቡንቱ ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ተጭኖ ስለሚመጣ ላይሰማችሁ ይችላል።

የሞባይል ዳታ ለሚጠቀም ሰው ከባዱ ሌላ ነው፦ ስናፕ በቀን አራት ጊዜ አዲስ ነገር እየፈለገ ሳይጠይቅ ያወርዳል። ከስልክ ሆትስፖት የምትጠቀሙ ከሆነ ግንኙነቱን በኔትወርክ ሴቲንግ ላይ «ሚተርድ» (ዳታው የተገደበ) አድርጉና «ሱዶ ስናፕ ሴት ሲስተም ሪፍሬሽ.ሚተርድ=ሆልድ» ብላችሁ ጻፉ። ይህ ሳይደረግ የገዛችሁት የ1 ጊጋ ፓኬጅ የት እንደገባ ሳታውቁ ያልቃል።

አንድ ወጥመድም አለ። ኡቡንቱ ላይ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ፋየርፎክስ» ብትሉ የሚገባው ስናፑ ነው፤ ትዕዛዙ የአፕት፣ ዕቃው የስናፕ። ከፍላሽ ላይ ፋይል አልከፍት ያለ የስናፕ ፕሮግራም ካጋጠማችሁም ፍላሹ ደህና ነው፤ ስናፕ ያለ ፈቃድ ከሆም ፎልደር ውጪ አያይም። ፕሮግራሙ ይህን ፈቃድ የሚቀበል ከሆነ «ሱዶ ስናፕ ኮኔክት ቪኤልሲ:ሪሙቨብል-ሚዲያ» ይፈታዋል። ሊኑክስ ሚንት ከ2020 እ.ኤ.አ. ከወጣው 20ኛው ስሪት ጀምሮ ስናፕን ዘግቶታል፤ ሚንት ላይ ያለ ሰው ይህን ክፍል ሊዘለው ይችላል።

ፍላትፓክ

ፍላትፓክም እንደ ስናፕ ከአፕት ውጪ የሆነ መጫኛ ነው፤ ሚንት ላይ ተጭኖ ይመጣል። ኡቡንቱ ላይ ግን መጀመሪያ ፍላትፓክን በአፕት መጫን፣ ፍላትሀብ የሚባለውን ማከማቻ ማከል፣ ከዚያ ኮምፒውተሩን ሪስታርት ማድረግ ያስፈልጋል። የመጀመሪያውን ጥያቄያችንን በደንብ ይመልሳል፦ የሚጠይቀውን ፈቃድና የሚወርደውን መጠን አሳይቶ «ዋይ» ወይም «ኤን» ይጠብቃል። ከመጠኑ ፊት ያለችው የ«ያንሳል» ምልክት «ቢበዛ ይህን ያህል» ማለት ናት። የመጀመሪያው ፕሮግራም ራንታይም (ፕሮግራሞች የሚቆሙበት የጋራ መሠረት) ስለሚያስከትል በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ይወስዳል፤ ያንኑ ራንታይም የሚጠቀም ቀጣዩ ፕሮግራም ይቀለዋል። ቦታ ሲጠብባችሁ «ፍላትፓክ አንኢንስቶል --አንዩዝድ» የማይፈለገውን ይጠርጋል።

ጥንካሬው አዲስ ስሪት ማምጣቱ ነው። የፎቶ ማስተካከያው ጊምፕ 3.0 መጋቢት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ወጣ፤ የኡቡንቱ 24.04 አፕት ግን አሁንም 2.10 ነው የሚሰጠው። አዲሱን ከፈለጋችሁ አንዱ መንገድ ፍላትፓክ ነው። ከጫናችሁ በኋላ ተርሚናል ላይ «ጊምፕ» ብላችሁ ብትጽፉ ላይከፈት ይችላል፤ ከሜኑ ክፈቱት፤ አለዚያ «ፍላትፓክ ረን» ብሎ ረጅሙን ስም መጻፍ ይጠይቃል።

ለማን የቱ?

ዳታ ለሚቆጥብ፣ ወይም 4 ጊጋ ራም ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ለያዘ ሰው ያለ ጥርጥር አፕት፤ በላዩ ላይ ናላ ቢጨመር ይበልጥ ይቀላል። እንደ ጊት፣ ኤፍኤፍኤምፔግ ወይም ኤችቶፕ ያሉ የተርሚናል መሣሪያዎችም በአፕት ይጫኑ፤ ፍላትፓክ በዋናነት የተሠራው ለግራፊክ ፕሮግራም ነው። ጥሩ ዋይፋይና ሰፊ ዲስክ ካለና አዲሱ ስሪት የግድ ከሆነ ፍላትፓክ። ስናፕን የምንመክረው ፕሮግራሙ ሠሪው ራሱ በስናፕ ሲያወጣውና በአፕት ሳይገኝ ሲቀር ብቻ ነው።

የፓይተን ፕሮግራሚንግ የምትማሩ ከሆነ «ፒፕ ኢንስቶል» (የፓይተን የራሱ መጫኛ) ስትሉ «ኤክስተርናሊ ማኔጅድ» የሚል ክልከላ ይመጣል። ሲስተሙ ራሱን እየጠበቀ ነው። በኃይል የሚያልፈውን ትዕዛዝ ትታችሁ ለፕሮጀክታችሁ ቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንት (ከሲስተሙ የተለየ የፓይተን ክፍል) ክፈቱ፤ ራሱን የቻለ መሣሪያ ከሆነ ደግሞ በ«ፒፕኤክስ» ጫኑት።