ቀይ ዘንግ ዶግውዶቻችንን ላዳኑልን አትክልተኛ የቀረበ ምስጋና

በግቢያችን አጥር ሥር የተተከሉት፣ ሬድ ትዊግ ዶግውድ የሚባሉት ቁጥቋጦዎች ቅጠላቸውን ካራገፉ በኋላ በብርዱ ወራት ደማቅ ቀይ ሆነው መታየት ከጀመሩ ወዲህ፣ ለዚህ ያበቋቸውን አትክልተኛ በይፋ ማመስገን ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ስማቸውና ስልካቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስለማይፈልጉ እዚህ አላሰፈርኩም፤ ሥራቸውን የሚሻ ሰው በግል ቢጠይቀኝ ግን ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኘዋለሁ።

ከእሳቸው በፊት ይመጡ የነበሩት ሠራተኞች ቁጥቋጦዎቹን በየዓመቱ በማሽን ጫፍ ጫፋቸውን እየከረከሙ እንደ ኳስ ያድበለብሏቸው ስለነበር፣ ላያቸው በቀጫጭን ቅርንጫፎች ተጨናንቆ፣ ታችኛው ክፍላቸው ደግሞ ግራጫና ሻካራ ሆኖ ቀርቶ ነበር። አዲሱ አትክልተኛ መቀሳቸውን ከማውጣታቸው በፊት ተንበርክከው ግንዶቹ ከመሬት የሚወጡበትን ቦታ አንድ በአንድ ከተመለከቱ በኋላ፣ ቀዩ ቀለም የሚደምቀው በለጋ ዘንጎች ቅርፊት ላይ መሆኑን፣ ዘንጉ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሞላው ግን እየደበዘዘ ወደ ቡናማና ግራጫ እንደሚለወጥ አስረዱን። ስለዚህ ጫፍ መከርከም ያረጀውን ግንድ በቦታው ትቶ ለጋውን ብቻ ማስወገድ ነው። እሳቸው የሚሠሩት በተቃራኒው ነው፤ የብርዱ ወራት ሊያበቃ ሲል፣ እንቡጦቹ ከመፈንዳታቸው በፊት፣ ካረጁት ግንዶች አንድ ሦስተኛ የሚሆኑትን ከመሬት አስጠግተው በመጋዝና ባለ ረጅም እጀታ መቀስ ቆርጠው ያወጣሉ፣ የቀሩትንም አይነኩም። ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም ቁጥቋጦው ጨርሶ ባዶ ሳይሆን በሦስት ዓመት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይታደሳል።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ ቢቆርጡት አይፈጥንም ወይ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። ሥር የሰደደና ጤናማ የሆነ ቁጥቋጦ ከመሬት ጥቂት ሳንቲሜትር ብቻ ተትቶ ቢቆረጥም መልሶ እንደሚያቆጠቁጥ አልካዱም፤ ሆኖም አበባው የሚወጣው ባለፈው ዓመት ባደገው ዘንግ ላይ ስለሆነ፣ በዚያ ዓመት ነጩ አበባም ሆነ ወፎች የሚለቅሙት ነጭ ፍሬ እንደማይኖር፣ የተዳከመ ቁጥቋጦ ደግሞ ይህን ድንጋጤ ላይችለው እንደሚችል ነገሩን። እውነቱን ለመናገር እኔ ከቀለሙ ይልቅ ለወፎቹ ስለማደላ፣ ዝግተኛውን መንገድ ያለ ብዙ ክርክር መረጥን። የመጀመሪያው ዓመት ሳስቶ እንደሚታይ አስቀድመው በግልጽ መናገራቸውም እምነቴን አጠንክሮታል፤ እንደተናገሩትም ሆነ።

ከመቁረጥ ውጭ ባለው እንክብካቤም ሰውየው ጥንቁቅ ናቸው። በሳይንሳዊ ስሙ ኮርነስ ሴሪሲያ የሚባለው ይህ የሰሜን አሜሪካ ቁጥቋጦ በተፈጥሮው በወንዝ ዳርና በረግረግ የሚበቅል በመሆኑ፣ እርጥበት ያለው አፈር እንደሚስማማውና በደረቅ ወራት ውኃ ሲያጣ የቅጠሉ ጠርዝ እንደሚቃጠል አስታውሰው፣ ከ5 እስከ 8 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው የእንጨት ስብርባሪ ጉዝጓዝ አለበሱልን፤ ጉዝጓዙ ግን ግንዱን እንዳይነካ ዙሪያውን ክፍት ተዉ። በጥላ ሥር የነበረውን አንዱን ቁጥቋጦ ወደ ፀሐያማ ቦታ ያዛወሩት ቁጥቋጦው በጥላ ውስጥ መኖር ቢችልም ቀለሙ በፀሐይ ይበልጥ ስለሚደምቅ ነው። ማዳበሪያ እንዲጨምሩልን ብንጠይቃቸው፣ ናይትሮጅን ሲበዛ ዘንጉ ያለልክ እየረዘመ እንደሚልፈሰፈስ ገልጸው ሳይሸጡልን ቀሩ፤ ገንዘብ የሚያገኙበትን ሥራ አያስፈልግም የሚል ባለሙያ በየቀኑ አይገኝም።

በአንዱ ግንድ ላይ የጠቆረና የሰረጎደ ቁስል ሲያዩ፣ ከቁስሉ በታች እስከ ጤናማው እንጨት ድረስ ቆርጠው ካስወገዱ በኋላ፣ ወደሚቀጥለው ከማለፋቸው በፊት መቀሱን በአልኮል ጠረጉት። መሬት ነክተው ሥር ያበጁትን ቅርንጫፎችም በአካፋ ለይተው በሌላ ጥግ ተከሉልን። ከተቆረጡት ለጋ ዘንጎች ደግሞ የእርሳስ ውፍረት ያላቸውን መርጠው፣ ከ20 እስከ 25 ሳንቲሜትር አድርገው፣ የላዩ ጫፍ ወደ ላይ እንዲሆን ተጠንቅቀው እርጥብ አፈር ውስጥ ቀበሯቸው፤ አብዛኞቹ አቆጥቁጠዋል።

ቁጥቋጦውን ክብ ወይም አራት ማዕዘን አድርጎ ማስከርከም ለሚፈልግ ሰው እኚህን አትክልተኛ አልጠቁምም፤ እንዲህ ያለውን ሥራ አይቀበሉም። አጥሩ ሥር ያረጀና ቀለሙ የጠፋ ዶግውድ ያለው፣ ለማገገሚያውም ጥቂት ዓመታት ለመታገሥ የተዘጋጀ ሰው ግን ብርዱ ሳያልቅ ቀደም ብሎ ይጠይቀኝ፤ ቅጠሉ ከወጣ በኋላ የሚመጣውን ጥያቄ ወደሚቀጥለው ዓመት ያስተላልፉታል።