የፋሲካን ዶሮ ብልት አውጥቶ የሚያስረክብ አገልግሎት፣ ከፊራ አካባቢ

በቀዳም ሥዑር ጠዋት፣ በድሬዳዋ ከፊራ ገበያ አካባቢ ዶሮ አርደው፣ ላባውን ነጭተውና ብልቱን አውጥተው ከሚያስረክቡ ቤቶች ወደ አንዱ ሁለት ዶሮ ይዤ ሄድሁ። 55 ቀን የጾመ ቤተሰብ የፋሲካን ወጥ የሚያሰናዳው በዚያው ቅዳሜ ነው፤ ዓርብ የስቅለት ስግደት ስለሆነ ቢላዋ የሚያነሣ የለም፣ የድሬ ሙቀትም ሥጋ አያሳድርም። ቀይ ሽንኩርቱ ገና ሳይከተፍ ዶሮ የመንጨት ጣጣ ለሚያስጨንቃት ሴት አገልግሎቱ ትልቅ እፎይታ ነው።

ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎን ለጎን በሚገበያይበት ከተማ ከዋጋው በፊት የሚጠየቀው አራጁ ማን እንደሆነ ነው። እዚህ ቤት ለሁለቱም ወገን የተለየ አራጅና የተለየ ቢላዋ አለ፤ የእኛም አራጅ በስመ አብ ብሎ ሲያርድ ቆሜ አይቻለሁ።

የብልት አወጣጣቸው እጅግ አስደስቶኛል። ልጁ መጋጠሚያውን በጣቱ ዳስሶ ቢላዋውን በዚያው ያስገባል፤ አጥንት አይሰብርም፤ 12ቱንም ብልት ፊቴ ቆጥሮ አስረከበኝ። ፈረሰኛው ለአባወራው በሚቀርብበት ገበታ አንድ ብልት ቢጎድል ምን እንደሚከተል ባለቤቶቹ የሚያውቁ ይመስለኛል።

ጉድለታቸው አጠባው ላይ ነው። «ታጥቧል፣ ድስት ብቻ ነው የሚቀረው» አሉኝ፤ አምኛቸው በሎሚና በጨው ሁለት ጊዜ ብቻ አለቅልቄ ከቁሌቱ ጨመርሁት። በአዘቦት ቀን ወጥ የምትሠራ ሴት ቀምሳ ታርማለች፤ በፋሲካ ዋዜማ ግን ሠሪዋም ጾመኛ ስለሆነች ጨው የሚቀምስላት ገና 7 ዓመት ያልሞላው የቤቱ ሕፃን ነው። የእኛው ቀማሽ መረቁን በጣቱ ልሶ «ይጣፍጣል» ከማለት በቀር ሥጋውን አልነካም። ሌሊት ከቅዳሴ ተመልሰን፣ ቄጤማ በተጎዘጎዘበት ቤት ጾም ስንፈታ፣ አማቴ ከክንፉ መጋጠሚያ ሥር አንድ አጭር የላባ ሥር አውጥተው ቀስ ብለው ከሳሕኑ ጠርዝ አኖሩት። ምንም አልተናገሩም፤ እኔ ግን እስከ ዳግም ትንሣኤ ድረስ ከዓይኔ አልጠፋም።

ክፍያው በዶሮ ቁጥር ሲሆን በበዓል ሰሞን ጨመር ቢልም የሚጎዳ አይደለም። ፀሐይ ሳይበረታ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት የደረሰ ሰልፍ አይጠብቀውም። ለሚመጣው ፋሲካ ማረዱን፣ መንጨቱንና ብልት ማውጣቱን ለእነርሱ እተዋለሁ፤ ክንፉን በእሳት መለብለቡንና ውሃው ኩልል እስኪል ድረስ ማጠቡን ግን ከእንግዲህ ለማንም አልሰጥም።