175 ካሬ ላይ አራት ቤት የነደፈችልንን አርክቴክት አመስግኑልኝ

ቤታችንን አይታችሁ "ማን ነው ዲዛይን ያደረገላችሁ?" ብላችሁ የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። ለየብቻ ከምመልስ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው። ምስጋናውም ቢሆን ዘግይቶብኛል።

ኮተቤ ያለው የቤተሰባችን ቦታ 175 ካሬ ነው። ፊቱ 10 ሜትር፣ ወደ ውስጥ 17 ሜትር ተኩል። የድሮው ጭቃ ቤት አርጅቶ ዘሞ ነበር። እማዬ ከሰፈሯ ንቅንቅ አልልም አለች። እኔ ከነልጆቼ የሰው ቤት ተከራይቼ ነበር የምኖረው። አሜሪካ ያለችው እህቴ ደግሞ "ብሩን እልካለሁ፤ ግን ስመጣ የማርፍበት የራሴ ቤት ይኑረኝ" አለች። በዚያ ላይ ወጪ የምትደጉም አንዲት የኪራይ ስቱዲዮ አሰብን። አራት ቤት በአንድ ጠባብ ግቢ ማለት ነው።

መጀመሪያ ፕላን የሠራልን ሌላ ሰው ነበር። ስሙን ማንሳት አልፈልግም። የሚያምር ባለ ቀለም ሥዕል በቴሌግራም ላከልን። ሥዕሉ ግን ከመሬታችን ጋር አይተዋወቅም። ደረጃው ኋላ ጥግ ተወሽቋል። ከዚያ ወደ ቤት ለመግባት 6 ሜትር ኮሪደር መሄድ አለ። ስፋቱ 1 ሜትር ከ20 ስለሆነ በየፎቁ ከ7 ካሬ በላይ ለመተላለፊያ ሄደ ማለት ነው። የእማዬ መኝታ ቤት መስኮት የጎረቤት አጥር ላይ ተለጥፏል። ስንጠይቀው "ግንበኛው ያስተካክለዋል" አለን። በኋላ ወረቀቱን ጠጋ ብለን ስናይ ጥግ ላይ የሌላ ሰው የካርታ ቁጥር ሳይጠፋ ቀርቷል። ጉድ እኮ ነው!

ከዚያ ነው የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ይቺን አርክቴክት የጠቆመችኝ። ስሟን እዚህ አላወጣም። "በአደባባይ አትጥራኝ፣ ስልኬ ፋታ ያጣል" ብላኛለች።

የመጣች ቀን እስክሪብቶ እንኳን አላወጣችም። ከእማዬ ጋር ቁጭ ብላ ቡና ጠጣች። "እማማ፣ እንጀራ የት ነው የሚጋግሩት?" አለቻት። የታጠበ ልብስ የት ይሰጣል? ጉልበትዎን ያምዎታል? ለቅሶ ቢመጣ ድንኳን የት ይተከላል? እኔን ደግሞ ልጆቼ አድገው ለየብቻ መተኛት ሲፈልጉ ምን እንዳሰብኩ ጠየቀችኝ። ከሄደች በኋላ እማዬ "ይቺስ ሰው ያሳደጋት ናት" አለች።

ቀጥሎ ይዛው የመጣችው ወረቀት ላይ ያለው ደረጃ ብቻ ነው። ሌላ ምንም የለም። እኔ ግራ ገባኝ። እሷ ግን በእርጋታ አስረዳችን። ከወለል እስከ ወለል 3 ሜትር ነው። ለ18 እርከን ሲካፈል እያንዳንዱ ከፍታው ወደ 16.7 ሳንቲ ይሆናል። መርገጫው 30 ሳንቲ፣ የደረጃው ስፋት 1 ሜትር ከ10። መሐል ላይ ማረፊያ ተደርጎለት ሲታጠፍ 11 ካሬ ገደማ ይበላል። ያውም በየፎቁ! "ይኼ 11 ካሬ የት እንደሚያርፍ ካልወሰንን ሌላውን መሣል አልችልም" አለች።

ደረጃውን በአንደኛው ጎን፣ ልክ መሐል ላይ አደረገችው። በዚያ በኩል ከወሰኑ 2 ሜትር ገባ ብለናል። ወደ ጎረቤት መስኮት ለመክፈት ያ ርቀት ያስፈልጋል። ስለዚህ ደረጃው ላይ ቀን መብራት አይበራም። ከማረፊያው በቀጥታ ሳሎን ነው የምትገቡት፣ ኮሪደር የሚባል ነገር የለም። በሌላኛው ጎን ግድግዳው ከወሰኑ ጋር ስለገጠመ መስኮት የለውም። ቁም ሳጥንና ዕቃ ቤት ወደዚያ ገፍታ ሰው የሚቀመጥበትን ሁሉ ብርሃን ወዳለበት አመጣችው።

እማዬ ያንን ወረቀት አይታ የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ነው። "ሬሳ ያወርዳል?" እኛ ደነገጥን። አርክቴክቷ ግን ፈገግ ብላ "ያወርዳል እማማ። አልጋም ቁም ሳጥንም ያወጣል" አለቻት። እማዬ ከዚያ በኋላ ሌላ ጥያቄ አላነሳችም።

እኔ በጣም የወደድኩላት ግን እምቢ ማለት መቻሏን ነው። የእህቴ ባል በቪዲዮ ገብቶ "ጂ ፕላስ ቱውን ጂ ፕላስ ስሪ እናድርገው፣ ስቱዲዮውንም ለሁለት እንክፈለው" አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ክፍያው ስለሚጨምር እሺ ይል ነበር። እሷ በ2001 ዓ.ም. የወጣውን የሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 624ን፣ አውጥታ አሳየችው። በዚያ አዋጅ ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሕንፃ ምድብ ሐ፣ ማለትም የትልልቅ ሕንፃዎች ምድብ ውስጥ ይገባ ነበር። አራት ወለል በ3 ሜትር ሲባዛ 12 ሜትር ሞላ፤ ጣሪያው ሲጨመር አለፈ። "ምድቡ ከተቀየረ የሚጠየቀውም ወጪውም ይቀየራል። ለአንድ ፎቅ ብላችሁ እዚያ ውስጥ አትግቡ" አለች። ስቱዲዮው ደግሞ 28 ካሬ ነው። ለሁለት ቢከፈል አንደኛው መስኮት አይኖረውም። "መስኮት የሌለው ክፍል ሰው ይኑርበት ብዬ አልሥልም" ብላ ዘጋችው። አማቼም ዝም አለ።

የእንጀራውም ነገር የዋዛ ጥያቄ አልነበረም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ወደ 3.5 ኪሎ ዋት ይስባል። አራቱም ቤት ቅዳሜ ጠዋት ምጣድ ቢሰካ 14 ኪሎ ዋት ሆነ። ከኋላ በተተወው ክፍት ቦታ ላይ የጋራ ምጣድ ቤት ሠራችልን፣ የራሱ መስመር ያለው። ከፍ ያለ ኃይል የሚችል ስሪ ፌዝ ቆጣሪም ከመጀመሪያው እንድንጠይቅ ነገረችን። አሁን እንፋሎቱም ጭሱም ቤት አይገባም።

ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ለእያንዳንዱ ቤት ጣሪያ ላይ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ አለ። አራቱ ሲሞሉ 4 ቶን ናቸው። ይኼን ለስትራክቸር ኢንጂነሩ የነገረችው ኮለኑ (ምሰሶው) ሳይሰላ በፊት ነው። ስንቱ ቤት ነው ሮቶ የሚታሰበው ቀለም ከተቀባ በኋላ! ሴፕቲክ ታንኩንም በሩ አጠገብ አደረገችው፤ መምጠጫ መኪና ሲመጣ ቱቦው በእማዬ ሳሎን እንዳያልፍ።

ሌላው ነገር፣ የአርክቴክቸሩ፣ የስትራክቸሩ፣ የሳኒተሪው (የውሃና የፍሳሽ መስመሩ) እና የኤሌክትሪኩ ፕላኖች ተስማምተው ነው የወጡት። አንድ ኮለን የኔ ኪችን በር ላይ ሊያርፍ ሲል ኢንጂነሩን ጠርታ ጎን ለጎን ቁጭ ብለው አስተካከሉት። የአንደኛ ፎቅ ሶሌታ (የወለሉ ኮንክሪት) ከመሞላቱ በፊትም ራሷ መጣች። ፌሮው (ብረቱ) ላይ እየተራመደች በወረቀቱ ስታመሳክር የመታጠቢያ ቤቱ ቱቦ ማለፊያ አንዱ ተረስቶ ተገኘ። ፎርማኑ "በኋላ እንሰረስረዋለን" አለ። "ዛሬ ካልገባ ኮንክሪት አይሞላም" አለችው። ገባ።

እንከን የላትም ለማለት አይደለም። ቀጠሮ ታዘገያለች። ማታ ስልክ አታነሳም። የሚያብረቀርቅ ባለ ቀለም ምስል የምትፈልጉ ከሆነ እሷ ጋር አታገኙም፤ እህቴ በዚህ ትንሽ ተከፍታ ነበር። ዋጋዋም ከጠየቅናቸው ሁሉ ከፍ ይላል። የምትቀበለው ግን በየደረጃው ነው፤ ከፊሉን ንድፉን ስንስማማ፣ ከፊሉን የግንባታ ፈቃዱ ሲወጣ።

እጇ ይባረክ። ዕድሜና ጤና ይስጣት። እማዬ መሬት ላይ፣ ከስቱዲዮው ተከራይ ጎን ነች፤ በራቸው ግን ለየብቻ ነው። እኔ አንደኛ ፎቅ ገብቻለሁ። ሁለተኛው እህቴ እስክትመጣ ተከራይቷል።

ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትሄዱ ካርታችሁን ያዙ፤ ኮፒው የደበዘዘ ከሆነ ዋናውን። ማን ከማን ጋር እንደሚኖርም ቤት ውስጥ ተነጋግራችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነው። ከፋሲካ በፊት አዲስ ሥራ አልይዝም ብላለች።