ፎጣችንን በእርጥቡ መዘኑብን

ክረምቱን አዲስ አበባ፣ ሕፃን ካለበት ቤት ለምታሳልፉ ይጠቅማል ብዬ ነው የምጽፈው። ልብስ በኪሎ ለሚያጥብ ላውንደሪ ቤት ፎጣ ስትሰጡ፣ ፊት ለፊታችሁ ሳይመዘን ትታችሁ አትሂዱ።

በሐምሌ የመጣሁት እህቴን አራስ ልጠይቅ ነው። ከሜሪላንድ ስነሳ የአንዱ ሻንጣዬ ግማሽ ፎጣ ነበር። ትልልቅ የገላ ፎጣ፣ ኮፍያ ያለው የሕፃን ፎጣ፣ ለእማዬ ደግሞ የሻወር ሮብ። አራስ ቤት መቼም ፎጣ አይበቃም። ሕፃኑ ታጥቦ ይጠቀለልበታል፣ ትከሻ ላይ ጣል ተደርጎ ያስመልስበታል። በዚያ ላይ ዝናቡ። ወፍራም የጥጥ ፎጣ ክሩ ቀለበት ቀለበት ስለሆነ ብዙ ውሃ ይይዛል፤ ጥሩነቱም እሱ ነው። ፀሐይ ከሌለ ግን ሁለት ቀን ገመድ ላይ ውሎ አድሮም አይደርቅ፣ ከዚያ መሽተት ይጀምራል።

ስለዚህ 10 ፎጣና ሮቡን ይዤ ሰፈር ውስጥ ወዳለ ላውንደሪ ቤት ሄድኩ። በኪሎ 150 ብር ተባልኩ። ልጁ "ነገ ከሰዓት ይደርሳል እህቴ" አለኝ። በነጋታው ስሄድ መብራት የለም። በማግስቱ ማድረቂያው ተበላሽቷል። በሦስተኛው ቀን ልጁ ራሱ የለም፤ ስልኩም አይነሳም። እኛ ሕፃኑን በእማዬ ነጠላ ስናደርቅ ሰነበትን። በስድስተኛው ቀን ሰጡኝ፤ ሒሳቡ 11 ኪሎ፣ 1,650 ብር። ሕፃኑ ስለሚጠብቅ ከፍዬ ወጣሁ።

ቤት ስገባ ግን አላስቻለኝም። የሻንጣ ሚዛኔን አውጥቼ መዘንኩት። 6 ኪሎ ከ200 ግራም! ተመልሼ ሄድኩ። "ከታጠበ በኋላ ነው የመዘንነው፣ እርጥብ ነበር" አለኝ። ውሃውን ነዋ የከፈልኩት! ባለቤቱ ከውስጥ ሆኖ "ዳያስፖራ አይደለች እንዴ፣ ምን አላት" ሲል ሰማሁት። ከብሩ ይልቅ ያቺ ንግግር አንገበገበችኝ። እኔ ሜሪላንድ የምኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት ማሽን አለ። ከሥራ ስገባ ጨምሬ፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አጣጥፌ እወጣለሁ። አገሬ ገብቼ ለፎጣ ስድስት ቀን ልመላለስ?

ደግሞ ሲነካ ልስልስ፣ ሽቶ ሽቶ የሚል ሆኖ ነው የመጣው። ሕፃኑን ስናደርቅበት ውሃው ላዩ ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይመጠጥም።

ምክንያቱን የነገሩን ጎረቤታችን ቤት ልብስ የሚያጥቡት እናት ናቸው። "ልጄ፣ ፎጣ ማለስለሻ አይጨመርበትም፤ ክሩን ይሸፍነውና ውሃ መጠጣት ያቆማል" አሉኝ። ሁሉንም ያለ ማለስለሻ በሙቅ ውሃ ደግመው አጠቡት። አንድ በአንድ ጫፍና ጫፉን ይዘው ጧ ጧ እያደረጉ አራገፉት፤ የተኛው ክር ሲነሳ በዓይኔ አየሁ። ገመዱ ላይ ሳይደራርቡ ዘረጉት። ዝናብ ሊመጣ ሲል ከእኛ ቀድመው የሚሮጡት እሳቸው ናቸው። በሁለት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ብቅ ስትል ደረቀ። ልጅ ሳለሁ እማዬ ከገመድ አውርዳ ፊቴን የምታብስበት ፎጣ ልክ እንዲህ ይሸት ነበር። ለቀኑ የጠየቁኝ ከላውንደሪው ሒሳብ ግማሽ አይሞላም። ጨምሬ ስሰጣቸው ትርፉን ሊመልሱልኝ ታገሉኝ።

እንዲህ ዓይነት ሰው በየሰፈሩ አለ፤ ጎረቤት ጠይቁ። የግድ ላውንደሪ ከሆነባችሁ ደረቁን አስመዝኑ፣ ኪሎውን ወረቀት ላይ አስጽፉ፣ ማለስለሻ እንዳይጨምሩ ንገሯቸው።

ገንዘቤ አልተመለሰልኝም። የሻንጣ ሚዛኑን ለእህቴ ትቼላት ተመለስኩ።