ጥንድ ጥንድ ወይስ ሁሉንም ባንዴ?

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ያለን የድንጋይ ካባ በሌዘር ስካነር ከዘጠኝ ቦታ ቀዳሁት። ዘጠኙን የነጥብ ደመና (ስካነሩ ከየቦታው የለካቸውን ነጥቦች ስብስብ) ማገጣጠም ግን ሌላ ጣጣ ነው። ነፃው የነጥብ ደመና ሶፍትዌር ፒሲኤል በትእዛዝ መስመር የሚሠሩ ሁለት አማራጮች አሉት።

አንዱ አይሲፒ ነው። ሁለተኛውን ደመና ከመጀመሪያው፣ ሦስተኛውን ከሁለተኛው እያለ ይሄዳል። ለእያንዳንዱ ነጥብ ቅርቡን ጓደኛ ይፈልጋል፣ ደመናውን ያዞራል፣ ይገፋል፣ ይደግማል። ለሁለት ለሦስት ስካን እንከን አይወጣለትም። ችግሩ ትንሿ ስህተት ወደ ቀጣዩ መተላለፏ ነው። ካባውን ዞሬ መነሻዬ ስደርስ አንዱ ግድግዳ ሁለት ሆኖ ቁጭ! ጠላ የቀመስኩ መስሎኝ ነበር።

ሁለተኛው አማራጭ ሉም ደግሞ ተመራማሪዎቹ ሉ እና ሚሊዮስ እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጡትን ዘዴ ይከተላል። የሚደራረቡትን ደመናዎች እርስ በርስ ያገናኝና የሁሉንም አቀማመጥ አንድ ላይ ያሰላል። ስህተቱ መጨረሻው ላይ አይከመርም፤ እንደ እድር መዋጮ ለሁሉም ይከፋፈላል። መነሻው በጣም ከተዛባ ግን አያድናችሁም። ስለዚህ በአይሲፒ አቀራርቤ በሉም እጨርሳለሁ። ስካኖቹ የሚጋሩት ቦታ ጠባብ ከሆነ ሁለቱም አይረዱም፤ ስካነሩን ተሸክሞ ወደ ካባው መመለስ ነው።